የተሳልኩትን ሀብል ለእናቴ መድኃኒት ብሸጠውስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ወንድሜ በመተማ ሱዳን ተሻግሮ ድምፁ ሲጠፋብን፣ «በሰላም ይመለስልኝ እንጂ የአንገት ሀብሌን ለቁስቋም ማርያም አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ተመስገን፣ መጣ። ለኅዳር 6፣ ለበዓሏ፣ ላስገባ ስል ግን እናቴ ታመመች፤ ለመድኃኒቷ ከሀብሉ ሌላ የምሸጠው የለኝም። ጎረቤቶቼ «ታቦት ይቀየምሻል» እያሉ አስፈራሩኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እናቷን የምታስታምም ልጅ ላይ እመቤታችን ትቀየማለች ማለት ከየት የመጣ ትምህርት እንደሆነ እንጃ!

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7ን አንብቢ። ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጸው በዚሁ ነገር ነው፤ ሰዎች ለአባት ለእናታቸው የሚገባውን «መባ ነው» ብለው ይከለክሉ ነበር፣ መምህራኑም ይሄንኑ ደግፈው «ከእንግዲህ ለወላጅህ ምንም አታድርግ» ይሉ ነበር። ስለት ወላጅን መጦርን አያስቀርም። ይሄ ያለቀ ነው።

ስለቱ ግን አልቀረም። መጽሐፈ መክብብ 5 ላይ ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ተብሏልና እንደዋዛ የሚተው ነገር አይደለም። ለአንቺ የሚሆነው ዘሌዋውያን 27 ነው። እዚያ ላይ የተሳለው ሰው ድሃ ሆኖ ግምቱን መክፈል ሲያቅተው ካህኑ ፊት ይቀርባል፣ ካህኑም እንደ አቅሙ ይገምትለታል። የተሳለውን ከብት ግን ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ በሌላ እንዲለውጥ አልተፈቀደለትም፣ በተሻለም ቢሆን። ስለዚህ አንቺው ፈራጅ አትሁኚ፤ ለንስሐ አባትሽ ሁሉንም ንገሪያቸው። ወይ ጊዜ ይሰጡሻል፣ ወይ በአቅምሽ ይተምኑልሻል። መድኃኒቱ ለዛሬ ማታ የሚያስፈልግ ከሆነ ደውዪላቸው፣ ስልክ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ለሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ስትጨነቂ አፍሽ ያመጣውን ሁሉ አትሳዪ። በሬ አስገባለሁ ብሎ ተስሎ በሬውን በብድር የሚገዛ አውቃለሁ። የባሏን ከብት ሳታማክረው የምትሳልም አለች፣ በኋላ ጠቡ ሌላ ነው። ዮፍታሔ እንኳ ከቤቴ ደጅ የሚወጣውን ለእግዚአብሔር አቀርባለሁ ብሎ ተስሎ አንዲት ልጁ ከበሮ ይዛ ወጣችበት (መሳፍንት 11)። የሳሙኤልን እናት ሐናን ተመልከቺ፤ የለመነችው ልጅ ነው፣ የሰጠችውም ያንኑ ልጅ ነው፣ ያውም ጡት እስኪጥል አሳድጋ።

ደግሞ ስለት ሁሉ ዣንጥላና መጋረጃ መሆን የለበትም! (ዕቃ ቤታችን በዣንጥላ ተጣቧል፣ ጧፍና ዕጣን ግን ያልቃል።) ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የማሕሌት ዝማሬ ሥርዓት) ለመማር የመጡ፣ ከየአገሩ ተሰደው ቁራሽ የሚለምኑ ተማሪዎች አሉ፤ ለእነሱ እንጀራ ጋግሮ መውሰድ፣ ግቢ መጥረግ፣ ስግደት፣ ይሄም ስለት ነው።

ኅዳር 6 ሀብሉ ባይኖርም አትቅሪ። ወንድምሽን ይዘሽ ጧፍ ገዝተሽ ነይ። አባ የተመኑልሽን ገንዘብ ስታስገቢ ግን ለሰበካ ጉባኤው ስጪና ደረሰኝሽን ተቀበዪ፤ ደጅ ላይ «እኔ አስገባልሻለሁ» ለሚልሽ ሰው አትስጪ።