የዱባዩን ሁለት ዓመት ምን ላድርገው?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 29 ነው፤ ሐዋሳ በአንድ የግል ሆስፒታል ነርስ ነሽ። ባለቤትሽ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አሜሪካዊ ዜጋ ነው። ከተጋባችሁ 14 ወር ሆኗችኋል፤ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ የቪዛ ኢንተርቪው ቀጠሮሽ ደግሞ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሦስት ነገር ጠየቅሽኝ። ሥራዬን አሁን ልልቀቅ ወይ? እዚያ ሄጄ እሠራለሁ ብል ይከለክሉኛል ወይ? ነርሲንግ ከመማሬ በፊት ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ያሳለፍኩትን ሁለት ዓመት ልናገር ወይስ ልተወው? ፎርሙን የሞላልሽ ሰው «ነገር አታብዢ» ብሎ ዱባይን እንደዘለለውም ነግረሽኛል።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ተናገሪ። ዲኤስ-260 የሚባለው፣ አሜሪካ ለመኖር የሚሄድ ሰው የሚሞላው የቪዛ ፎርም ከ16 ዓመትሽ ጀምሮ የኖርሽበትን ቦታ ሁሉ ይጠይቃል። ከ16 ዓመትሽ በኋላ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖርሽበት አገር ደግሞ የፖሊስ ማስረጃ ይፈለጋል። ስለዚህ የዱባዩ ማስረጃ ገና ድሮ መግባት ነበረበት። የሰው ቤት መሥራትሽ ቪዛ አያስከለክልሽም። አውቆ መደበቅ ግን ያስከለክላል፣ ያውም ክልከላው ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ፎርሙን የሞላው ሌላ ሰው ቢሆንም ትክክል ነው ብለሽ የምትምይው አንቺ ነሽ። መስኮቱ ላይ ቀኝ እጅሽን አንስተሽ የምትምይበት ሰዓት ይመጣል፤ በዚያች ደቂቃ ያ ሰውዬ አጠገብሽ አይኖርም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለባለቤትሽ ደውይለትና ሁሉንም ንገሪው። ፎርሙ አንዴ ከተላከ ስለሚቆለፍ፣ የኬዝ ቁጥርሽን ጠቅሰሽ ለኤምባሲው ጻፊና እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ። ባይከፍቱልሽም የላክሽውን ጽሑፍና መልሱን አትመሽ ያዥ። ቆንስሏ ወይም ቆንስሉ ጥያቄ ሳይጀምሩ በፊት አንቺው «ፎርሜ ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ፣ ላርመው» በይ። የዱባዩን የፖሊስ ማስረጃ ማስወጣትም ዛሬ ጀምሪ። በቀጠሮሽ ቀን ካልደረሰ ብዙውን ጊዜ 221ጂ የሚባል ወረቀት ይሰጡሻል፤ የጎደለውን አምጪ ማለት ነው፣ አትደንግጪ። አሜሪካ ያለ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አንድ ጊዜ ቢያየው ደስ ይለኛል፤ ባለቤትሽ ሊያማክር ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ዱባይ ስትጽፊ አፍረሻል። ለምን? የኮሌጁን ክፍያ የከፈልሽው በዚያ ገንዘብ እንደሆነ ራስሽ ጽፈሻል። የቤቱን እናት፣ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት፣ ሁለት ዓመት ያጠብሽ ያጎረስሽ አንቺ ነሽ። ሜሪላንድ ውስጥ የነርስ ፈቃድሽን እስክታገኚ ድረስ አረጋውያንን መንከባከብ ወይም የነርስ ረዳትነት ትጀምሪ ይሆናል፤ ብዙ የሐበሻ ነርሶች በዚያ በኩል ነው የገቡት። ያኔ ይህ ልምድ ሲቪሽ ላይ ከላይ የሚቀመጥ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ቢጠይቁሽ፣ ሠራተኛ እንደሆንሽና መሥራት እንደምትፈልጊ በግልጽ ንገሪያቸው። ሰዎች «እመለሳለሁ በይ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያዥ» የሚሉሽ የጉብኝት ቪዛውን ምክር ይዘው ነው። አንቺ ለመኖር ነው የምትሄጂው። ከገባሽበት ቀን ጀምሮ መሥራት ትችያለሽ፤ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ቪዛ ስትገቢ ማኅተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከገባሽ ካርድሽ የሁለት ዓመት ይሆናል፤ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ይህ ገደብ እንዲነሳልሽ አብራችሁ ማመልከት አለባችሁ። ስፖንሰርነቱን በተመለከተ የሚታየው የባለቤትሽ ገቢ ነው፤ ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት መስመር ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት። የሐዋሳው ደመወዝሽ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ስለሱ አትጨነቂ።

እኔ ሰው ለሥራ ኢንተርቪው ሳዘጋጅ ራስህን ሽጥ፣ መልስህን አሳምር እላለሁ። እዚህ ግን ያንን እርሺው። የተሸመደደ መልስ ያስታውቃል። የት ተዋወቃችሁ፣ ሽማግሌ ማን ላከ፣ ሰርጉ ላይ ከሱ ወገን ማን መጣ፣ ስንት ጊዜ መጥቶ አየሽ፣ ምን ሰዓት ነው የምትደዋወሉት፣ ሥራው ምንድነው፣ ከማን ጋር ይኖራል? መልሱን የኖርሽው ነው፤ አጠር አድርገሽ ንገሪ፣ የማታውቂውን አላውቅም በይ። በአማርኛ መመለስ ትችያለሽ። ብዙ ሰው የሚደናገረው ቀን ላይ ነው። አንቺ ሰርጉን ጥር ትያለሽ፣ ፎርሙ ላይ ግን ጃንዋሪ ይሁን ፌብሩዋሪ ታውቂያለሽ? የልደት፣ የጋብቻና የፓስፖርት ቀኖችሽን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈሽ አመሳክሪያቸው፤ የአንድ ቀን ልዩነት ካለ አሁን እወቂው። ኦሪጅናሎቹን ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር፣ ባለቤትሽ ቀድሞ አግብቶ ከነበረም የፍቺ ወረቀቱን ያዥ። ፎቶ ሲሆን የሰርጉ ብቻ አይበቃም፤ ተራ ቀን ላይ የተነሳችሁት፣ የላከልሽ ገንዘብ ደረሰኝ፣ የመጣበት የፓስፖርት ማኅተም የበለጠ ይናገራል።

ሥራሽን አትልቀቂ። ቪዛው የተለጠፈበት ፓስፖርት እጅሽ ሳይገባ መልቀቂያ አታስገቢ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያማከርኳት አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ «ሁሉም አልቋል» ብላ ሥራዋን ለቀቀች፣ ዕቃዋንም ሸጠች። ከዚያ ኬዟ ተጨማሪ ማጣራት ውስጥ ገብቶ ሰባት ወር ያለ ደመወዝ እህቷ ቤት ተቀመጠች። ቪዛው መጣ፤ እነዚያ ወራት ግን ጎዷት።

እስከዚያ የምትሠሪው አለ። ከሆስፒታሉ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አጽፊ፤ የሠራሽበት ክፍልና ቀኖቹ በዝርዝር ይግቡ። ኮሌጅሽ ሄደሽ ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕት አሽጎ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዴት እንደሚልክ ጠይቂ፤ ኤንክሌክስ ለሚባለው የአሜሪካ የነርስ ፈቃድ ፈተና ትምህርትሽ ሲገመገም ወረቀቱ ከአንቺ እጅ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ነው የሚፈለገው። የሙያ ፈቃድሽን አሳድሺ፣ ፈቃድሽ ችግር የሌለበት መሆኑን የሚመሰክር የጉድ ስታንዲንግ ደብዳቤም አስወጪ። እዚያ ሆኖ በሰው በኩል ይህን ማስጨረስ ምን ያህል እንደሚያንገላታ ስላየሁ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ የወጪ መጋራቱን ሳትጨርሱ ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን አታገኙም፤ አሁኑኑ ጠይቁ።

ከኤምባሲው መልስ ሲመጣልሽ ጻፊልኝ፤ የእንግሊዝኛ ሲቪሽን አብረን እንሠራለን፣ ዱባይንም እናስገባታለን።