ከፕሮጀክተሩ በፊት ሮስተሩ

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነኝ። ርዕሰ መምህሩ ሌሎቹን መምህራን በቴክኖሎጂ ማስተማር እንዳለማምዳቸው ኃላፊነት ሰጡኝ። ሥልጠና ስጠራ ነባሮቹ አይመጡም። የመጡትም «እኛ ዕድሜያችንን በጠመኔ አስተምረናል» ይሉኛል። ማስተማሩን ትቼ የቢሮ ሥራ ብፈልግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመልቀቅ አትቸኩዪ። መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች ያሳለፉትን እወቂላቸው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ፣ ማለትም በክፍል ቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት፣ ሲገባ ብዙዎቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። በእንግሊዝኛ፣ ያለ ፋታ ይነጉድ ነበር። ተማሪ «አልገባኝም» ቢል ማስቆም አልነበረም። ለመምህሩ የተተወለት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያለ ጥቂት ደቂቃ ነበር። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አለፈ። በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆኖ የቆመ ሰው ሌላ ስክሪን ሲያመጡበት ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስንፍና ነው ብለሽ አትውሰጂው።

ስለዚህ በሮስተር፣ ማለትም በተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ ሰንጠረዥ፣ ጀምሪ። ሴሚስተር ሲያልቅ ሁሉም የሚማረርበት ሥራ እሱ ነው፤ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ እንደገና ማመሳከር። የሚከበሩ አንድ ነባር መምህር ምረጪና አጠገባቸው ቁጭ በዪ። የክፍላቸውን ውጤት ኤክሴል ላይ አብራችሁ አስገቡ። ኪቦርዱን እሳቸው ይያዙት። ቀስ ቢሉም ታገሺ፤ እባክሽ ቀምተሽ አትጻፊላቸው። አንድ ማርክ ሲያስተካክሉ ድምሩም ደረጃውም ወዲያው ሲቀየር ያያሉ። ከዚያ በኋላ በመምህራን ክፍል ወሬውን የሚያወሩልሽ እሳቸው ናቸው። አንቺ አዳራሽ ውስጥ ከምትናገሪው የሳቸው ቃል ይሰማል።

ወደ ክፍል ስትሄዱ ከባዱ ነገር ፍርሃት ነው። ተማሪ ፊት ማፈርን ማን ይወዳል? ልምምዱን ተማሪ በሌለበት ሰዓት አድርጉት። የመጀመሪያው ቀን ከኋላ ተቀመጪ፤ ኬብሉ እምቢ ካለ አንቺ ትነሺያለሽ። ርዕሱ ደግሞ በጠመኔ ለማሳየት የሚያስቸግር ይሁን፣ ለምሳሌ ፊዚክስ ላይ ሞገድ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ፌት (PhET) ነፃ የሳይንስ ማሳያዎች አሉት። ቀድመሽ አውርደሽ በፍላሽ ከያዝሽው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አምስት ደቂቃ ያሳዩ፣ የፈለጉበት ላይ ያቁሙት፣ ይጠይቁ፣ ወደ ሰሌዳቸው ይመለሱ። ከፕላዝማው የሚለየው ይኼው ነው፤ ክፍሉ አሁንም በእጃቸው ነው። መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቆምም።

የቢሮ ሥራ ያልሽውን በተመለከተ፣ አሁን የያዝሽው አዋቂን የማሠልጠን ሥራ ነው። አዲስ ሲስተም የሚያስገባ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሠራተኛውን በትዕግሥት የሚያለማምድለት ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማን ምን እንደጀመረ እየመዘገብሽ ያዢ፤ ለሲቪሽ ይሆንሻል። ልምምዱም በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ። መምህራኑ ለተሙማ ሰዓታቸው ከተያዘላቸው በትርፍ ጊዜያቸው እንደተጫነባቸው አያዩትም።

ያንቺም ክፍለ ጊዜ ይቀነስልሽ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ እያስተማሩ ይህን መሸከም አይቻልም። ርዕሰ መምህሩ እምቢ ካሉሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ስለ መልቀቅ ያኔ በቁም ነገር እናወራለን።