«አማካይ ልዩነት»፤ የምንና የምን?

ጥያቄ፦ ለአዲስ ቴክኒሻኖች የፒንግን (ለሌላ ኮምፒውተር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚለካውን ፕሮግራም) ውጤት በአማርኛ የሚያስረዳ ወረቀት እያዘጋጀሁ ነው። ሊኑክስ ላይ የመጨረሻው መስመር አራት ስሞች አሉት፤ ሚን፣ አቭግ፣ ማክስ፣ ኤምዴቭ። «ዝቅተኛ፣ አማካይ፣ ከፍተኛ፣ አማካይ ልዩነት» ብዬ ተረጎምኳቸው። አንዱ ልጅ «የምንና የምን ልዩነት?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጁ እውነቱን ነው። «ልዩነት» ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ የትናንትና የዛሬ ዋጋ ልዩነት እንደምንለው። እዚህ ሁለቱ ወገኖች አልተነገሩም። ስለዚህ አንዱ አንባቢ በአጭሩና በረጅሙ ጊዜ መካከል ያለውን ይገምታል፣ ሌላው ሌላ።

ጥፋቱ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም። ስሙ ራሱ ከምንጩ ጠማማ ነው። ኤምዴቭ ሲፈታ መልሶቹ ከአማካዩ በአማካይ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚነግር ይመስላል። ፕሮግራሙ የሚያሰላው ግን የስታቲስቲክስ ሰዎች መደበኛ ልይይት የሚሉትን ነው። አራት መልሶች በ20፣ በ20፣ በ20 እና በ60 ሚሊሰከንድ መጡ እንበል። አማካዩ 30 ነው። ሦስቱ ከ30 በ10 ይርቃሉ፣ አንዱ በ30። ርቀቶቹን ደምረን ለ4 ስናካፍል 15 ይመጣል። ፒንግ የሚጽፈው ግን 17.3 ገደማ ነው። ርቀቶቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ያባዛል፣ አማካያቸውን ይወስዳል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ያወጣል። ያቺ የዘገየች አንዷ 60 ጎልታ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። ማክ ላይ ያው ስሌት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በሚለው ስሙ፣ በምህጻረ ቃል ይጻፋል። ዊንዶውስ ጭራሽ አይጽፈውም።

የእኔ ምርጫ «መዋዠቅ» ነው። የቡና ዋጋ ይዋዥቃል፣ ዶላር ይዋዥቃል እንላለን። ቃሉ ሁለት ወገን አይጠይቅም፤ አንድ ነገር ከፍ ዝቅ ሲል ይበቃዋል። «መደበኛ ልይይት»ን አንድ ጊዜ በቅንፍ ያስገቡት፣ ቀመሩን ለሚፈልግ ሰው።

«ከፍተኛ»ም አልተመቸኝም። ከፍተኛ ውጤት፣ ከፍተኛ ማዕረግ ስንል የምስራች ነው። እዚህ ቁጥሩ ባደገ መጠን ነገሩ ይብሳል። ጌም የሚጫወቱ ልጆች «ፒንጉ ከፍ አለብኝ» እያሉ ሲያማርሩ ሰምተው ይሆናል። የሚለካው ጊዜ ስለሆነ «አጭሩ» እና «ረጅሙ» ይበሏቸው። መስመሩ እንዲህ ይወጣል፦

የደርሶ መልስ ጊዜ፦ አጭሩ 20፣ አማካዩ 30፣ ረጅሙ 60፣ መዋዠቁ 17.3 ሚሊሰከንድ።

«ደርሶ መልስ»ን የወሰድኩት ከአውሮፕላን ትኬት ነው። መልእክቷም ሄዳ የምትመለስ ስለሆነች ያው መንገደኛ ናት።