የማን ረሃብ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ እንደምን ከረሙ? ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎት፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የታሪክ መምህራችን የቡድን ሥራ ሰጥተውናል። የአመፅንና የአብዮትን መንስኤና ውጤት አወዳድሩ ይላል። እኛ የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የ1966ቱን መረጥን። በሦስቱም ላይ ‹መንስኤ፦ ረሃብ› ብለን ጻፍን። ለአያቴ ሳነብላቸው ሳቁብኝ። ‹ረሃብ ያሰድዳል እንጂ ያሳምፃል እንዴ?› አሉኝ። ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ አያትሽ ናቸው ልክ። ግን አብሽሪ፣ ስህተቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኔም ደሴ ላይ ሳስተምር በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ እንዲሁ እጽፍ ነበር። ቁጥር አንድ፣ ረሃብ። ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔ አርማለሁ፣ ደወል ይደወላል። የሚያሳፍረኝ ግን ነገሩን በዓይኔ አይቼው ነበር።

በ1965 አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ከወልድያ አለፍ ብሎ ጎብዬ አካባቢ ነበር። አባቴ ጭሰኛ ነው። ከሚያመርተው ማሽላ እኩሌታው ወልድያ ለተቀመጠ ባለመሬት ይሄዳል። ዝናቡ ቀረ። መጀመሪያ ፍየሎቹ ተሸጡ፣ ቀጥሎ አንዱ በሬ። ሁለተኛው በሬ ሲሸጥ አባቴ ገበያ አልወጣም፤ አጎቴን ላከው። ከዚያ ሰው ወደ መኪና መንገዱ መውረድ ጀመረ። አውቶቡስ ሲያልፍ እጅ ይዘረጋል። ድንጋይ የወረወረ አላየሁም። የማንንም ጎተራ የሰበረ አላየሁም። ገበያ ላይ እኮ እህል ነበር፤ ከወሎ እህል ጭኖ የሚወጣ መኪናም ነበር። ያልነበረው ገንዘብ ነው። አባቴ በሬውን ሸጦ ስንት ቁና እንደገዛበት ዛሬም አልናገርም።

አሁን ጎጃምን እይ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ ያን ጊዜ አልተራበም። ርስት ነበረው፣ ጠመንጃም ነበረው። ግብር ተማኝ ሲመጣበት «ዛሬ ምርቴን፣ ነገ ርስቴን ይለካል» ብሎ ጠረጠረ፤ ተኮሰ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ። መጨረሻው ምን ሆነ? አገረ ገዢው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተሰረዘ፣ አዋጁ እዚያ ሳይሠራ ቀረ። ገበሬውም ወደ እርሻው ተመለሰ። ዙፋኑ ግን እዚያው ነው። አመፅ የምንለው ይኼን ነው። ሰውየው «ተው!» ብሎ ነው የተነሳው፤ ሲተውለት ቤቱ ገባ።

እንግሊዞችም በ1381 (የውጪውን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸዋል። በአራት ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል ገበሬው ለንደን ገባ። ንጉሡ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የጠየቁትን ሁሉ እሺ አላቸው። መሪያቸው ዋት ታይለር ሲገደል ግን ቃሉን አጠፈ። ቢሆንም ያን ግብር እንደገና ለመጣል የደፈረ ለረጅም ዘመን አልተገኘም። አመፅ ተሸንፎም አንዳንዴ የፈለገውን ያገኛል። ይህቺን ጻፏት፤ መምህራችሁ ደስ ይላቸዋል።

አብዮቱን ማን አመጣው ታዲያ? ወሎ ሲራብ 1966ን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ጥር 4 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች አደሙ። የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ የመኮንኖቹን ጉድጓድ ተከልክለው ነበር። ሊያነጋግራቸው የተላከውን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን ምግብ አበሉት። የካቲት 11 መምህራን ሥራ አቆሙ። ነዳጅ ተወዶ ስለነበር ባለ ታክሲዎቹም አቆሙ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ወረደ። ከእነዚህ ውስጥ መንገድ ዳር ቁጭ ያለ የእኛ አገር ሰው አለበት? የለም። የእሱ ረሃብ ግን በሁሉም አፍ ላይ ነበር። መንግሥቱ የተከሰሰበት ዋናው ክስ ሆነ። ከሳሹ ሌላ፣ ሟቹ ሌላ።

ፓሪስም ብትሄጂ ያው ነው። በ1788 ሐምሌ በረዶ ሰብሉን መታው። በቀጣዩ ዓመት የከተማው ሠራተኛ ከደመወዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለዳቦ ብቻ ያወጣ ነበር። በጥቅምት 1789 የገበያ ሴቶች ተነሡና ቬርሳይ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በዝናብ ሄዱ። ንጉሡን ይዘው ፓሪስ ተመለሱ። ፔትሮግራድም በ1917 ሰልፉን የጀመሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ናቸው፤ የዳቦ ወረፋ አንገፍግፏቸው። በአምስተኛው ቀን «ተኩስ» የተባለው ወታደር ከእነሱ ጋር ተቀላቀለ። እነዚህ ሴቶች ተርበዋል፤ ግን 20 ኪሎ ሜትር የሚሄዱበት ጉልበት አላቸው፣ የሚኖሩትም ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ነው። ጎብዬ ደግሞ ከቤተ መንግሥት ሩቅ ናት። ስለዚህ «ረሃብ» የሚለውን ሰርዙና «የማን ረሃብ፣ የት?» ብላችሁ ጻፉ።

ወደ ውጤቱ ልግባ። እኔ ውጤትን የምለካው በጎተራ ነው። የካቲት 25፣ 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ተፈቀደ፤ ጭሰኝነት ቀረ። በቀጣዩ መኸር አባቴ ማሽላውን ወቅቶ ሁለት ቦታ ከመረው። ልማድ ሆኖበት። እናቴ መጣችና «ይኼኛው ለማን ነው?» አለችው። ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ሁለቱን ክምር በእጁ እየዛቀ ደባለቃቸው። አብዮት ምን ለወጠ ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ግን እዚህ ላይ አላቆምም። አዋጁ መሬቱን መሸጥም ማከራየትም ከልክሏል፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው። ጥቂት ቆይቶ ኮታ መጣ፤ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ታስረክባለህ። በሩሲያም በ1917 ለገበሬው የተሰጠው መሬት ከ1929 ጀምሮ በጋራ እርሻ ስም ተመልሶ ተወሰደ። የፈረንሳዩ ገበሬ ይሻላል፤ ንጉሡ በ1793 ተሰየፈ፣ ናፖሊዮን መጣ፣ ሌላ ንጉሥም መጣ፣ የጌቶቹ ግብር ግን አልተመለሰበትም።

በ1977 ያ ሁሉ ሕዝብ ኮረም ላይ ሲያልቅ አዲስ አበባ ለምን ጸጥ አለች የሚል ካለ፣ አንዱ መልስ የቀበሌ ሱቅ ነው። የከተማው ሰው እህሉን በቀበሌ በኩል በራሽን ያገኝ ነበር። ደርግ የትኛው ረሃብ ወንበር እንደሚያናጋ ከ1966 ተምሯል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ፍርሃቱ ቀላል አልነበረም።

አያትሽን ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። ቡና አፍልተሽ ቢሆን ይሻላል፤ እስከ በረካው ድረስ አታቋርጫቸው።

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ያ የወሎ ረሃብ ፊልም ደርግ የሠራው ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው? — ከደሴ»

መልስ፦ አይደለም። ፊልሙን የሠራው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። እንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የታየው በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1966 ነው፤ ደርግ ገና አልተቋቋመም። ደርግ ያደረገው ሌላ ነው። የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎችን በመሃል በመሃል እየሰካ በአዲስ ዓመት ምሽት፣ መስከረም 1፣ 1967 አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የተራበው ሰው እውነት ነበር፤ የግብዣው ኬክም እውነት ነበር። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው መቀስ ነው።

እኛ ያኔ አላየነውም፤ ጎብዬ ቴሌቪዥን የት ይመጣል? ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የልጅ ልጄ በስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። ሁለት ጊዜ አየሁት። ሁለተኛውን ያየሁት የማውቀው ፊት ይኖር እንደሆነ ለመፈለግ ነው።