ሚኒባሶችህን ወደ ጋዝ ከመቀየርህ በፊት ሊብሬህን አውጥተህ እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ለሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ሰርቪስ የሚሠሩ 5 ቤንዚን ሚኒባሶች አሉኝ፤ የማደያ ሰልፍ ገደለኝ፤ ወደ ጋዝ ብቀይራቸው ያዋጣኛል ወይ?» ነው ያልከው። ከሥር «አትሞክረው፣ ይፈነዳል» ያሉህን ተዋቸው። ጋዙ ያው የማብሰያው ጋዝ ነው፤ እነሱም ሲሊንደር አጠገብ ሽሮ እያንተከተኩ ነው ይህን የሚጽፉልህ።

እኔ አዳማ ነኝ። ሥራችን አንድ ነው፤ 3 ሚኒባስ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ። ከዚያ በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ግቢ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ግማሾቹ በፕሮፔን፣ በዚሁ ዓይነት ጋዝ፣ ነበር የሚሄዱት። በወሬ አይደለም የማወራህ።

1. ሂሳቡን በኪሎ ሥራ። ቤንዚን በሊትር፣ ጋዝ በኪሎ ይሸጣል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ 1.4 ሊትር ቤንዚን ያህል ጉልበት አለው። 12.5 ኪሎ ሲሊንደር እንግዲህ ከ17 እስከ 18 ሊትር ቤንዚን ማለት ነው። በሰፈር ሱቅ የሲሊንደር ዋጋ እኔ ሳሰላው ከማደያ ቤንዚን ጋር አልተወዳደረም። በጅምላ ከአከፋፋይ ስዋዋል፣ ደግሞም ሾፌሩ ሰልፍ ላይ አድሮ ሠራተኛ ሳያነሳ የቀረበትን ቀንና በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን ስጨምርበት ነው ሂሳቡ የተገለበጠው። ቤንዚኑን ደግሞ አልጣልኩትም። ሁለቱም አለ፤ ሾፌሩ በማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚቀያይረው።

2. ሁሉንም በአንዴ አትቀይር። የኔ ትልቁ ጥፋት ይኸው ነው።

የመቀየሪያውን ዕቃ፣ ከነጋዝ ታንከሩ፣ ኢስታንቡል ያለ የአክስቴ ልጅ ገዝቶ ላከልኝ። ቱርክ ውስጥ በጋዝ የሚሄድ መኪና በሚሊዮን ስለሚቆጠር ዕቃው እንደ ልብ ነው። መካኒኬ ሦስቱንም በ9 ቀን ገጠማቸው። ሁሉም ሠሩ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ለቦሎ ምርመራ ወሰድኳቸው።

መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ። ከኋላ ታንከሩን አየና «ቦምብ ጭነህ ነው ሰው የምታመላልሰው?» አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ! ሊብሬው ቤንዚን ይላል፣ መኪናው ጋዝ ይዟል። እዚያ ላይ ልክ ነበር፤ ይህን ለማመን ግን ጊዜ ፈጀብኝ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ኃላፊው ላኩኝ። ኃላፊው ስብሰባ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ነው። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ «አንተ ደግሞ አበዛኸው» አለችኝ። እኔ ነኝ ያበዛሁት!

በመጨረሻ የታንከሩን ማረጋገጫ አምጣ ተባልኩ። አለኝ፣ ግን በቱርክኛ ነው። አስተርጓሚ ፍለጋ አዲስ አበባ ተመላለስኩ። ወረቀቱ ተተርጉሞ ሲመጣ ደግሞ ማኅተም ጎደለው። መኪኖቹ 54 ቀን ቆሙ። አንደኛው ፋብሪካ ውሉን ለሌላ ሰው ሰጠብኝ፤ እስካሁን አልተመለሰልኝም። የሚያናድደው፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ታንከሩ ላይ የተመታውን ኢሲኢ አር 67 የሚል ምልክት አይቶ በ10 ደቂቃ ጨረሰው። ለመኪና ጋዝ ዕቃ የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ያ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ቢኖር ኖሮ!

ስለዚህ አንዱን ብቻ ምረጥ። ከመግጠምህ በፊት በጽሑፍ ጠይቅ፣ በጽሑፍ ተቀበል። በቃል «ችግር የለውም» ያለህ ሰው በምርመራው ቀን ፈቃድ ላይ ነው። ምልክቱ የሌለበት ታንከር ርካሽ ነው ብለህ አትግዛ። ኢንሹራንስህንም አሳውቅ። ሐዋሳም ያው ነው፣ የተለየ አይጠብቅህም።

ወደ ቁጥሬ ልመለስ። 3. ስርቆት። ሾፌሮቼን ማማት አልፈልግም፤ ግን ቤንዚን በጎማ ሲመጠጥ አይቻለሁ። ክፍያው በቴሌብር ከሆነ በኋላም አልቆመም። ስልኩ የተቀዳውን እንጂ ማታ ከሰልባትዮ የወጣውን አይነግርህም። ጋዝ በግፊት የታሰረ ነው፤ ጎማ ከትቶ በአፉ የሚስበው ጀግና የለም። በመጀመሪያው ወር ብቻ ልዩነቱን አየሁት። አንዱ ሾፌር ሥራ ለቀቀ፤ ምክንያቱን አልጠየቅኩትም።

ሞተሩም ያመሰግንሃል። በቤንዚን ጊዜ ዘይቱ ሲወርድ የቡና አተላ ነበር፤ አሁን ጠጅ ነው የሚመስለው። ካንዴላም ይቆያል። ግን ጋዝ ደረቅ ስለሆነ የቫልቭ መቀመጫ ይበላል። በየ20 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የቫልቭ ክፍተት አስለካ። እኔ ችላ ብዬ የአንዱን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አውርጃለሁ። ቤንዚኑንም ጨርሰህ አታድርቀው፤ መኪናው ጠዋት በቤንዚን ተነስቶ ሲሞቅ ነው ወደ ጋዝ የሚዞረው። ሰልባትዮ ባዶ ከሆነ የቤንዚን ፓምፑ ይቃጠላል። ዳገት ላይ ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል። ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ይሰማኛል፤ አንተ ሐዋሳ ሜዳ ላይ ነህና አታውቀውም።

ናፍጣ ከሆኑ ግን ይህን ሁሉ እርሳው። ቤንዚን ነው ስላልክ ነው።

አደጋውን በተመለከተ፣ ታንከሩ ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ሙቀት ሲመጣ ፈሳሹ የሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል። የመኪናው ታንከር እዚያ ሲደርስ መሙያውን ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አለው። የማብሰያ ሲሊንደር የለውም። ወንበር ሥር ሲሊንደር አስሮልህ «በርካሽ ልሥራልህ» የሚል መካኒክ ከመጣ ከግቢህ አስወጣው። ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ካፈተለከ ወለል ላይ ይተኛል፤ መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥም ይወርዳል። የኔ ዘበኛ ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና የሚያፈላው ከመኪኖቹ ሥር ነበር። አሁን በሩ ጋ ነው የሚያፈላው፤ ተቀይሞኛል። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ በየሳምንቱ ፈትሽ።

«ለምን ኤሌክትሪክ አይገዛም?» ላልከው ሌላው ወንድም፦ ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉን እኔም አውቃለሁ። ሰውዬው የጠየቀው ግን እጁ ላይ ስላሉት 5 መኪኖች ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቨርጂኒያ ያለው ግቢ የራሱ ታንከርና ፓምፕ ነበረው። አውቶቡሶቹ ማታ ገብተው እዚያው ይሞላሉ። ጋዝ ከተማ ለከተማ ለሚዞር ታክሲ ሳይሆን፣ መስመሩ ለታወቀና አንድ ግቢ ለሚያድር እንደኛ ላለ መኪና ነው። እኔ ግን የራሴ ፓምፕ የለኝም። ለፎርክሊፍት ጋዝ ከሚሞላ አከፋፋይ ጋር ተዋውዬ በሳምንት ሁለቴ መጋዘኑ ድረስ እሄዳለሁ። የማብሰያ ጋዝ ከገበያ ሲጠፋ የኔም ይቀንሳል። ስለዚህ ሐዋሳ ያለ አከፋፋይ በወር ስንት ኪሎ እንደሚሰጥህ በውል ካልፈረመልህ ዕቃውን አታስመጣ።

አዳማ ካለፍክ ግቢዬ ጎራ በል። መኪኖቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይገባሉ። ታንከሩንም፣ ያንን የተተረጎመ ወረቀትም አሳይሃለሁ፤ ፎቶ ኮፒ አድርገህ ትወስደዋለህ።