ለወጣት የሰው ሀብት ባለሙያዎች፦ ከወንበራችሁ ተነሱ

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእናንተው ሙያ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልምከራችሁ፦ ሠራተኛው ያለበት ቦታ ድረስ ሂዱ።

ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ቅጥር አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ፈቃድ አለ፣ ሪፖርት አለ። ኮምፒውተሩም ሁሉን ስለሚያሳይ መነሳት የማያስፈልግ ይመስላል። ግን ማህደር የሆነውን እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ለምሳሌ ሪፖርቱ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በተደጋጋሚ አሥር ደቂቃ ታረፍዳለች ይላል። እናንተም ማስጠንቀቂያ ታዘጋጃላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ፈረቃ ሲቀየር በሩ ጋ ቁሙ። ሴትየዋ በሰዓቷ ደርሳ ተሰልፋለች። ተራዋ ሲደርስ የመግቢያ ሰዓት በሚመዘግበው የአሻራ ማሽን ላይ ጣቷን ታስቀምጣለች፤ ማሽኑ አይቀበላትም። በልብሷ ጠረግ አድርጋ ትደግማለች። አሁንም እምቢ። ቀኑን ሙሉ ውሃና ኬሚካል ሲነካ የሚውል እጅ አሻራው ይደበዝዛል። ከኋላ ያለው ይነጫነጫል፣ እሷ ትሳቀቃለች፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ይሄ የትኛውም ሪፖርት ላይ አይወጣም። የሚያስፈልጋት ማስጠንቀቂያ ሳይሆን በካርድ የምትገባበት መንገድ ነው።

«በሬ ክፍት ነው፣ ችግር ያለበት ይምጣ» የምትሉ አላችሁ። ከልባችሁ እንደሆነ አምናለሁ። ግን ከሰው ሀብት ቢሮ ትፈለጋለህ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ነው። የስንብት ቃለ መጠይቅም ብዙ አያድንም። የሚለቀው ሰው የሥራ ልምድ ማስረጃውን ስለሚጠብቅ «ሁሉም ጥሩ ነበር» ብሎ ይፈርማል። ቢናገርስ? እሱ እንደሆነ ሄዷል።

ሙያችን ይህን ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 በቺካጎ አቅራቢያ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ሆውቶርን ፋብሪካ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። መጀመሪያ ጠያቂዎቹ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዘው ነበር። ሠራተኞቹ ግን ወሬውን ወደ ራሳቸው ጉዳይ እየወሰዱ አስቸገሩ። በመጨረሻ ጥያቄው ቀርቶ ሰውዬው የፈለገውን እንዲያወራ ተተወ። ጭንቀታቸው የወጣው ያኔ ነው።

ስትሄዱ የክፍሉን ኃላፊ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። ካለፋችሁት ለስለላ የመጣችሁ ይመስለዋል፤ ጣጣው የሚተርፈው ደግሞ ለሠራተኛው ነው። ፋይል አትያዙ። ሥራ አስኪያጁንም አታስከትሉ፤ እሱ ባለበት የሆዱን የሚናገር የለም።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። «በእኛ መካከል ይቀራል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ስለ ፆታዊ ትንኮሳ ወይም ለሕይወት ስለሚያሰጋ ማሽን ከነገሯችሁ ዝም ማለት አትችሉም። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ካወሩ በኋላ ብትነግሯቸው እንደ ክህደት ነው የሚቆጠረው።

የሰማችሁትን ደግሞ መልስ ይዛችሁ ተመለሱ። «አይቻልም» ቢሆንም እንኳ ምክንያቱን ጨምራችሁ ንገሯቸው። ሰምታችሁ ከጠፋችሁ በሚቀጥለው ጊዜ «ሁሉ ሰላም ነው» ብለው ይሸኟችኋል።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ ከማታ ፈረቃ ጀምሩ። እነሱ ሲገቡ እናንተ ወጥታችኋል፣ እናንተ ስትገቡ እነሱ ሄደዋል። ብዙዎቹ እናንተን የሚያውቁት ውል ሲፈርሙና ማስጠንቀቂያ ሲደርሳቸው ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት አምሹና አግኟቸው።