የጓሮ ጥያቄና መልስ፦ ቅጠሉን ከማድነቅዎ በፊት መሬቱን ይዩ

ጥያቄ፦ ሰኔ ሲገባ የሰፈራችን አጥር ሁሉ ጽጌረዳ ይሆናል። ያማረኝን ሳይ ባለቤቶቹን ለምኜ ቅርንጫፍ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ቅጠል ያወጣና ደስ ሲለኝ ይደርቅብኛል። እጄ አይባረክ ይሆን? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ከእጅዎ አይደለም። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሥር ሳይሰድ፣ በውስጡ ባለው ስንቅ ብቻ ቅጠል ያወጣል። ስንቁ ሲያልቅ ውሃ የሚስብለት ሥር ስለሌለ ይደርቃል። ስለዚህ ቅጠል አየሁ ብለው ጥላውን አያንሱበት፤ ሥር መያዙን ለማየትም ነቅነቅ አያድርጉት፤ ገና የወጣው ሥር ይበጠሳል።

ሲለምኑ አበባ የተሸከመውን ለምለም ጫፍ ይተዉት። አበባው የረገፈለትን፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን ይምረጡ። ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዓይኑ (ቅጠል የሚያቆጠቁጥበት እብጠት) ከ4 ያላነሰ ይሁን። ታችኛውን ጫፍ ከዓይን ሥር ቀጥ አድርገው፣ ላይኛውን ከዓይን በላይ ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። ሰያፉ የዝናቡን ውሃ ያወርዳል፤ ላይና ታቹም አይምታታብዎትም፤ ተገልብጦ የተተከለ አይጸድቅምና። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ይተዉ። በእንጨት ቀዳዳ ከፍተው ሁለት ሦስተኛውን ይቅበሩና አፈሩን በጣትዎ ጠቅጠቅ ያድርጉት፤ ክፍተት ከቀረ ቅርንጫፉ ይደርቃል። ትኩስ ፍግ አያስጠጉ፣ ያቃጥለዋል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጥላ ሥር ይቆይ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሰው ጓሮ ሲያደንቁ ዓይንዎ አበባው ላይ ብቻ አይቅር። ጎንበስ ብለው መሬቱን ይዩ፦ አበባው የተተከለበት የአፈር መደብ ከመተላለፊያው ምን ያህል ከፍ ብሏል? የጣራው ውሃ በየት ይወጣል? አፈሩ ጉዝጓዝ ለብሷል ወይስ ራቁቱን ነው? እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ላይ በድንጋይ ያልተደገፈ መደብ ለም አፈሩ በሐምሌ ዝናብ ተጠርጎ ይሄዳል። በሰኔ ሁሉም ጓሮ ያምራል። የነሐሴውን ውበት የሚወስነው ውሃው የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ፣ ከቅርንጫፉ ጋር ይህንንም ከባለቤቶቹ ጠይቀው ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ለቡና የተከልሁት ጤናዳም በበጋ ደህና ይቆይና ክረምት ሲበረታ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ውሃ አጥቶ አይደለም። መሬቱ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው። (ከጃማ)

መልስ፦ የገደለው የውሃው ብዛት ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጥና ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ጤናዳም ደግሞ ደረቅና ጠጠራማ መሬት ወዳድ ነው። ቦታውን መፈተን ቀላል ነው፦ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት፤ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ እስኪነጋ ካልሰረገ እዚያ አይትከሉ።

መፍትሔው መደብ ነው። በዋልካ አገር ገበሬው ስንዴውን መደብ አውጥቶ ውሃውን በቦይ እንደሚያስወጣው፣ እርስዎም ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ በድንጋይ ከበው ይሥሩ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ይቀላቅሉ። አሸዋው ጥቂት ከሆነ ከዋልካው ጋር ተጣብቆ ይደርቃልና አይቆጥቡ። ከአሮጌው ተክል ገና ጤነኛ የሆነ የ10 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ቆርጠው አሁኑኑ ይትከሉ፣ ዘሩ እንዳይጠፋብዎት። ሲቆርጡ ፀሐይ አይሁን፤ የጤናዳም ፈሳሽ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ቋጥሮ ያቆስላል። ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ያየሁት ሎሚ ደሴ ለምን እንቢ አለኝ? (ከደሴ)

መልስ፦ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው፤ ቅዝቃዜው ሎሚውን ያቀጭጨዋል። ፀሐይ ሲያገኝ የሚውል የድንጋይ ግድግዳ ካለዎት ተጠግቶ ሊሞከር ይችላል። ለደሴ ግን ኮክና ጌሾ ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ የተዳቀለ (በሌላ አቮካዶ ግንድ ላይ የተጣበቀ) የአቮካዶ ችግኝ ገዝቻለሁ። እንዴት ልትከለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የጉድጓዱ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት እያንዳንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ ያውጡ፤ ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለው መጀመሪያ የሚመልሱት እሱን ነው። ፕላስቲኩን ቀድደው ያውጡ፤ ብዙ ችግኝ የሚቀጭጨው ከነፕላስቲኩ እየተተከለ ሥሩ ስለሚጠማዘዝ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረው በላይ ጠልቆ አይቀበር፤ የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈር በላይ ይታይ። ግንዱ ዙሪያ አፈሩን ጉብ ያድርጉት፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ከቋጠሮው በታች የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ገና በለጋነቱ ይቀንጥሱ፤ ከተተወ የገዙትን ዝርያ አፍኖ የራሱን ዛፍ ያሳድጋል።